ከጋፋት እስከ መቅደላ፤ ዐፄ ቴዎድሮስና የቁልቁለቱ መንገድ

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መኪና ወረታ እስኪደርስ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘውም በጋይንት ደጋ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በዚህ አገር ለረጅም ጊዜ የነዳ ሰው የመኪናውን ጠባይ የሚያውቀው በአቀበቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው። አቀበት የሞተሩን ጉልበት ይፈትናል፤ ሞተሩ ቢደክም መኪናው ባለበት ይቆማል፤ ጉዳቱም የጊዜ ብቻ ነው። ቁልቁለት ግን ፍሬኑን ይፈትናል፤ ፍሬኑ በደከመ ጊዜ የሚቆም ነገር የለም።

ይህ የመያዝ ጥያቄ በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ የተነሣው አውቶሞቢል ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጀግንነት፣ ስለ ቍጣቸውና ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ተውኔትና ልብ ወለድም ተደርሷል። በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ ግን የሕይወታቸው ታሪክ በሌላም መስመር ሊነበብ ይችላል። ይኸውም ለማንቀሳቀስ የነበራቸው ኃይልና ለመያዝ የጎደላቸው ኃይል እየተራራቁ የሄዱበት መስመር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ ጊዮርጊስ ከቋራ ገዢዎች ወገን ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱ እናትና ልጅ ለችግር ተጋለጡ፤ ጠላቶቻቸው እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ መስደባቸውም ከዚሁ የችግር ዘመን የመጣ ነው። ካሳ በገዳም ፊደል ቈጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሙያ ተማሩ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር የነበሩት ነገሥታት ከስም በቀር ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እውነተኛው ሥልጣን የነበረው ራስ ጉግሣ በቆረቆሯት በደብረ ታቦር በተቀመጡት የየጁ ራሶች እጅ ነው። ካሳ በቋራ ቆላ ሸፍተው ጭፍራ አበጁ፤ ኃይላቸውም እየገነነ በመሄዱ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገቡ።

ለኋላው ሐሳባቸው መሠረት የጣለው ግን ድል ሳይሆን ሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ፣ ደባርቂ በተባለው ስፍራ፣ ምሽግ ይዞ ከሚጠብቅ የግብፅ ጦር ጋር ተጋጠሙ። የካሳ ሰዎች በድፍረት የሚታሙ አልነበሩም፤ ነገር ግን በሥርዓት ተሰልፎ የሚተኩስ ወታደርና መድፍ ድፍረትን ብቻውን እንደሚያጭደው በዚያ ቀን ታየ። ካሳ ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮችን ከልባቸው አላወጡም፤ አንደኛው የሠለጠነ ሠራዊት፣ ሁለተኛው መድፍ ነው። ሁለቱንም ለማግኘት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ደከሙ።

በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ካሸነፉ በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

አዲስ አካል በአሮጌ መኪና

የዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጥኖች ለዛሬ አንባቢም ቢሆን የሚያስገርሙ ናቸው። ሽፍታ የነበረው ሁሉ ወደ አባቱ ሙያ እንዲመለስ፣ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ ዐዋጅ ነገሩ። የባሪያ ንግድን ከለከሉ። ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ከመኖር ይልቅ ደመወዝ እየተከፈለው እንዲያድር አሰቡ። የየአውራጃውን ሰው በየጌታው ስም ከመሰለፍ አውጥተው በአንድ አዛዥ ሥር የሚያድር ሠራዊት ለማድረግ ሞከሩ።

እያንዳንዱ ውጥን ለብቻው ሲታይ ትክክል ነበር። ችግሩ የነበረው በመጋጠሚያው ላይ ነው። ደመወዝ የሚበላ ሠራዊት በየዓመቱ በሥርዓት የሚገባ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የመንግሥቱ ገቢ ግን እንደ ቀድሞው በግብር እህል፣ በስጦታና በዘመቻ ምርኮ ላይ የቆመ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ጉድለት ለመሙላት የቤተ ክርስቲያንን መሬት ተመለከቱ። ለአንድ ደብር ጥቂት ቀሳውስትና ዲያቆናት ይበቁታል፣ የቀረው መሬት ግብር ይክፈል የሚል አቋም ስለ ያዙ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። በዚህም የዙፋናቸው ዋና ድጋፍ ተናጋ።

አሮጌ መኪናን የጠገነ ሰው ይህን ዐይነት ችግር ያውቀዋል። አዲስ የገባው አካል ጥሩ ስለ ሆነ ብቻ መኪናው ደኅና አይሆንም። አዲሱ አካል ቀድሞ ከነበረው ጋር ካልተስማማ ጫናው ወደ ደካማው ይዞራል፤ ደካማው ሲሰበር ደግሞ አዲሱም አብሮ ይበላሻል። በዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ውስጥ ጫናው የዞረው ወደ ገበሬው ነው። ደመወዝ ያላገኘው ሠራዊት በመጨረሻ ወደ ዘረፋ ተመለሰ፤ የተዘረፈውም አገር ሸፈተ።

ጋፋት

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ርቆ የሚገኘው የጋፋት ኮረብታ በኢትዮጵያ የምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። ከ1848 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት የላኳቸው ወጣት የእጅ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡት እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር በጋፋት ቤት ተሠርቶላቸው ተቀመጡ፤ መድፍ የማቅለጥ ሙያ የነበረው ሞሪትዝ ሆልም ከእነርሱ ጋር ነበር። ንጉሡ እንዲማሩላቸው ወጣቶችን ሰጧቸው፤ ራሳቸውም እየሄዱ ሥራውን ይጐበኙ ነበር።

ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ ከተሠሩት ነገሮች ይልቅ ስለማያውቋቸው ነገሮች ነበር የሚናገሩት፤ መድፍ መሥራት አናውቅም ብለው ለማምለጥ ሞከሩ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ምድጃው የሚፈለገውን ግለት ችሎ መቆም ነበረበት፤ የሸክላው ዐፈር መመረጥ ነበረበት፤ ወናፉ አየር ሳያቋርጥ መስጠት ነበረበት፤ ቅርጹ ርጥበት መያዝ አልነበረበትም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የቀለጠው ማዕድን ይበላሻል። እየወደቁና እየተነሡ በመጨረሻ ትናንሽ መድፎች ወጡ፤ ከዚያም እየተለቁ ሄዱ። በ1859 ዓ.ም. ትልቁ ተቀልጦ ፈሰሰ። በክሪምያ ጦርነት ስሟ በዓለም በተሰማው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

ይህን ሥራ ለመመዘን ሁኔታውን ማሰብ ያስፈልጋል። የማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ በሌለበት አገር፣ በመጽሐፍና በሙከራ ብቻ፣ ሰባት ቶን የሚመዝን አንድ ወጥ አካል ማፍሰስ የትም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በጋፋት የሚሠራው በቂ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ግን አላገኙም። በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ንግሥቲቱ የላከቻቸው ራሳም ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ፣ ንጉሡ በጋፋት ከሚሠሩት የበለጠ የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ሰደዱ። ባለሙያዎቹም ተመርጠው፣ መሣሪያቸውን ይዘው እስከ ምጽዋ ደረሱ። እስረኞቹ ስላልተለቀቁ ግን ከምጽዋ ሳያልፉ ተመለሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጥበብን በእስረኛ ለመግዛት በመሞከራቸው ጥበቡንም ሰላሙንም አጡ።

በዚህ ጊዜ ግዛታቸው እየጠበበ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ላስታና ዋግ በጎበዜ፣ ጎጃም በተድላ ጓሉ እጅ ወደቁ። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አዘረፉ፤ ቤተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የበጌምድር ገበሬ ሳይቀር ሸፈተ። በቅጣት ያለቀው ሰው ብዙ ነበር። የጋፋት ምድጃ ሴባስቶፖልን ባፈሰሰበት ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር አካባቢና ከመቅደላ በቀር የሚያዙበት ምድር እምብዛም አልቀራቸውም።

የንጉሡ መንገድ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከመጀመሪያ ጀምሮ መንገድ ሠሪ ነበሩ። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኝ መንገድ አስጀምረው ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ በመሥራት ምሳሌ ሆኑ፤ በእጅ ሥራ ማፈር ልማድ በነበረበት ዘመን ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኰንን እጁን አጣጥፎ መቆም አልቻለም። ለአገራችን የመንገድ ሥራ ታሪክ ይህ ከመንገዱ ርዝመት የበለጠ ትርጉም አለው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ያ መንገድ ሕይወት የተንጠለጠለበት ሆነ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው ግን አምስት ወር ተኩል ገደማ ፈጀ፤ ይህም በአማካይ በቀን ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ነው። ሠራዊቱ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ እስረኛውና ከብቱ አንድ ላይ የሚንቀሳቀስ ከተማ ነበር። በፊት መንገዱ ይጠረጋል፣ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፤ ከኋላ መድፎቹ በሠረገላ ይከተላሉ። ሴባስቶፖልን ለመጎተት ብቻ 500 ያህል ሰዎች ይሰለፉ ነበር።

ጋይንትን አልፈው፣ የጨጨሆን አቀበት ወጥተው፣ ወደ ዋድላ ደጋ ደረሱ። እስከዚህ ድረስ ሥራው በአብዛኛው የመጎተት ሥራ ነው። ከቤተ ሖር በኋላ ግን ምድሩ ድንገት ይሰነጠቃል። የዥጣ ወንዝ ደጋውን ወደ አንድ ሺህ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ቈርጦታል። ከዚያ ወዲያ የደላንታ ደጋ አለ፤ ከደላንታ ቀጥሎ ደግሞ እንደ ዥጣው የጠለቀ የበሽሎ ገደል ይመጣል። መቅደላ ከበሽሎ ማዶ ነው። ስለዚህ መድፉ ሁለት ጊዜ መውረድ፣ ሁለት ጊዜም መውጣት ነበረበት።

የቁልቁለቱ ሒሳብ

በአቀበት ላይ የሚጎትተው ሰው ሁለት ጠላቶች አሉት፤ የመሬት ስበትና የመንኰራኵር ሰበቃ። ሁለቱ ተደምረው ይቃወሙታል። ነገር ግን ሲደክመው ከመንኰራኵሩ ሥር ድንጋይ አስደግፎ ሊያርፍ ይችላል፤ ማረፍ ጉዞውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። በቁልቁለት ላይ ሰበቃ ወዳጅ ይሆናል፤ ስበቱን በከፊል ይቀንሳል። የቀረውን ኃይል ግን አንድ ነገር መያዝ አለበት። ጎታቹ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ያዥ ይሆናል፤ የሚንቀሳቀስ ሸክም የያዘ ሰው ደግሞ ለአፍታም ቢሆን እጁን ማላላት አይችልም።

የሠረገላው ክብደት ሳይጨመር፣ ሰባት ቶን ሸክም በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ወደ ታች የሚገፋበት ኃይል ከ1,350 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ ነው። ይህ መንገዱ ልሙጥ ሲሆን ነው። መንኰራኵሩ ከአንድ ድንጋይ ላይ ዘልሎ ሲወርድ ገመዱ የሚቀበለው ድንገተኛ ጫና ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ገመዱ ቢበጠስ ከሠረገላው ፊት ያለው መንገደኛ ሁሉ ያልቃል።

ሌላም ሒሳብ አለ። ሰባት ቶን አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 69 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ በገመድ፣ በመሬት፣ በመንኰራኵርና በሰው ጡንቻ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሁሉም በአንድ ዕቃ ቢሰበሰብ 200 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስን የረዳቸው ፍጥነቱ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት በሳምንታት ውስጥ ተከፋፍሎ ስለ ተለቀቀ በየደቂቃው የሚደርሰው አነስተኛ ነበር። ይህ መርሕ ዛሬም አልተለወጠም፤ በቁልቁለት ላይ የሚገድለው የጉልበቱ ብዛት ሳይሆን የሚለቀቅበት ጊዜ ማጠር ነው።

መድፉ ዥጣን ተሻገረ፤ በመጋቢት ወርም በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ሥር ደረሰ። በጠላት መካከል፣ በተራበ ሠራዊት፣ ያለ ማሽን የተፈጸመ በመሆኑ የዚያን ዘመን የውጭ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ያደነቁት ሥራ ነው። ሆኖም አድናቆቱ የተከፈለበትን ዋጋ ሊሸፍን አይገባም። መንገዱን የጠረገው፣ ገመዱን የያዘው፣ ሠራዊቱን የቀለበው ሕዝብ ፈቃዱ አልተጠየቀም።

ሁለት ዐይነት ሸክም

በዚያው ጊዜ ከባሕሩ በኩል ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ይመጡ ነበር። በዙላ ወደብ ተራግፈው፣ ከጠረፉ ወደ ተራራው ግርጌ የሚደርስ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ከሕንድ 44 ዝሆኖች አመጡ። ከባዶቹ መድፎች በዝሆን ጀርባ፣ ቀላሎቹ የተራራ መድፎች ተፈታትተው በበቅሎ ተጫኑ። የእንግሊዝ ጦር ጥበብ ከመድፎቹ ትልቅነት ይልቅ በዚህ ላይ ነበር፤ ሸክሙ የተመረጠው መንገዱ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ነው። ሴባስቶፖል ግን አንድ ወጥ ነበር፤ ለመንገዱ አልተመረጠም፤ መንገዱ ለእርሱ ተሠራ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የእንግሊዝ ጦር የዥጣንና የበሽሎን ገደሎች ሲሻገር ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ሁሉ ድካም ባስጠረጉት መንገድ መጠቀሙ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። የንጉሡ መድፎች ከፋላ ኮረብታ ላይ ቁልቁል ተተኰሱ፤ ጥይታቸው ግን ከጠላት ራስ በላይ ያልፍ ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ ከመጠን በላይ ባሩድ ስለ ጎረሰ ፈነዳ። ሴባስቶፖልም የውጊያውን ውጤት የሚለውጥ ሥራ አልሠራም። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በዚያ ቀን ወደቁ። መድፉ ተገኝቶ ነበር፤ መድፉን የሚያነጣጥር የሠለጠነ ተኳሽ፣ ባሩዱን የሚመጥን፣ ርቀቱን የሚያሰላ ሰው ግን አልተገኘም። የደባርቂው ትምህርት በግማሽ ተፈጽሞ ግማሹ ቀረ።

ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። አምባው ተቃጠለ፤ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘረፉ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። የጋፋት ባለሙያዎችም ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። በዚያ ምድጃ የተገኘው ዕውቀት ተተኪ ሳይኖረው ተበተነ።

ያው ቁልቁለት፣ ሌላ ሸክም

ከቤተ ሖር ወደ ዥጣ የወረደው መድፍና ዛሬ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ ያረጀ መኪና የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው። 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ መንገድ ሲወርድ ወደ 12 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል፤ የሚለቀውም በሳምንታት ሳይሆን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚህ አንድ ስድስተኛው ብቻ፣ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ሳያገኝ፣ አንድ ላይ 10 ኪሎ ግራም በሚመዝኑ ሁለት የፊት ዲስኮች ላይ ቢያርፍ ግለታቸው 400 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ዲስኮቹ ተበልተው 8 ኪሎ ግራም ከቀሩ ጭማሪው ወደ 500 ዲግሪ ይደርሳል። በደብረ ታቦር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑም ዲስኩ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመለዋወጫ አመራረጥ ግልጽ ነው። በዲስኩ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ ሙቀት የሚሸከመው ብረት ከዚያ በታች ሲሆን እንደማይበቃ የሚያመለክት ነው። ከዚያ መጠን በታች የወረደውን ዲስክ ቶርኖ አስገብቶ ማለስለስ መልኩን ያሳምረዋል እንጂ ጉልበቱን አይመልስለትም። አየር በመካከሉ እንዲያልፍ ሆኖ በተሠራ ዲስክ ምትክ ድፍን ዲስክ መግጠም፣ ወይም በአንድ በኩል አዲስ በሌላው በኩል አሮጌ መተው አይገባም። ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልያዙ መኪናው በቁልቁለት ላይ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

የፍሬን ሸራውም እንዲሁ ነው። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ በጋለ ጊዜ ያለውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል። ኢ የተባለው ፊደል ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን መጠን ይወክላል። ለደጋ አገር የሚበጀው ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ያላለበት ሸራ ነው። በተቦረቦረ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ቢደረግ የሚነካው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው፤ በአዲስ ዲስክ ላይ የተበላ ሸራ ማድረግም ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሊታዩ፣ እንደ አስፈላጊነቱም አብረው ሊለወጡ ይገባል። አዲሱ ጥንድ ከተገጠመ በኋላም በመጠነኛ ፍጥነት ደጋግሞ እየያዙ፣ በየመካከሉ እያቀዘቀዙ፣ ሸራውንና ዲስኩን ማላመድ ያስፈልጋል። ቀድሞ በሸራ ውስጥ ይገባ የነበረው አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳ በመሆኑ የአሮጌ ፍሬን አቧራ በአየር ግፊት አይነፋም።

የፍሬን ዘይቱ ከዚህ ሁሉ አይለይም። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት መጠን ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ በፈላ ጊዜ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ቢኖሩም የሚገፋቸው አይኖርም። ሾፌሩ ደግሞ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሸክሙን ለሞተሩ ማካፈል አለበት። ከዥጣ ገደል አፋፍ ላይ የነበረው ሥራም ይኸው ነበር፤ ሸክሙ ከመነሣቱ በፊት ያዡን ማዘጋጀት።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምስሉ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የአደባባዩን መድፍ የሚያይ ሰው የሚያደንቀው ያፈሰሰውን ምድጃና ወደ ላይ የጎተተውን ክንድ ነው፤ አድናቆቱም ተገቢ ነው። ያ መድፍ አምባው ላይ ሊገኝ የቻለው ግን በዥጣና በበሽሎ ቁልቁለቶች ላይ፣ ከኋላው ሆነው ገመድ ይዘው፣ አንድም ጊዜ ሳያላሉ በወረዱ ሰዎች ነው። የእነርሱ ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጻፈም።